በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ያለን የባሕር ሣር እንዴት መቃኘት ይቻላል?

ጠያቂ (ከደሴ)፦
የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የማካሂደው በኬንያ፣ ማሊንዲ አቅራቢያ ባለው የባሕር ሣር ላይ ነው። የሳባኪ ወንዝ ደለሉን ወደ ባሕር በሚያስገባበት ወቅት ውኃው እንደ ክረምቱ ቦርከና ስለሚደፈርስ፣ የሳተላይት ምስልም ሆነ ጠልቆ በዓይን ማየት አያስተማምንም። ከመሄዴ በፊት ሎጎ ሐይቅ ላይ ልለማመድ አስቤአለሁና ከምን ልጀምር?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
ሎጎ ላይ የሚያገኙት የባሕር ሣር ሳይሆን ጨው በሌለው ውኃ የሚበቅል ተክል ነው፤ የመለኪያው አያያዝ ግን ያው ነው። ብርሃን ውኃው ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለመገመት በሚያገለግለው በሴኪ ዲስክ ይጀምሩ። የራሴን ያሠራሁት እዚሁ ብየዳ ቤት ሲሆን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ አስቆርጬ፣ አራት ቦታ ከፍዬ ጥቁርና ነጭ አፈራርቄ ከቀባሁት በኋላ ከሥሩ ቁራጭ ፌሮ አሰርኩበት። ገመዱ ላይ ምልክት ከማድረግዎ በፊት ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ እኔ በደረቁ ለክቼው ሲርስ ስላጠረ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ተበላሽቶብኛል። በጀልባዋ ጥላ በኩል አውርደው፣ ዲስኩ የተሰወረበትንና ሲስቡት ዳግም የታየበትን ጥልቀት አማካይ ይመዝግቡ። የባሕር ሣር በግርድፉ ከውኃው ገጽ ብርሃን 10 በመቶ ያህሉ ከማይደርስበት ጥልቀት በታች ብዙም ስለማይበቅል፣ ይህ ልኬት የሣሩ የታች ድንበር የት አካባቢ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁምዎታል።

ሌላ መልስ (ከደሴ)፦
ዓይን በማይሠራበት ድምፅ ይሠራል። የሣሩ ቅጠል በውስጡ የአየር ቱቦዎች ስላሉት የኢኮሳውንደርን (ድምፅ ወደ ውኃው ልኮ ማሚቶውን የሚቀበል መሣሪያ) ድምፅ ያንጸባርቃል፤ ጀልባዋ በቀስታ ቀጥ ባለ መስመር ስትጓዝ የሣሩን ቁመት ከጂፒኤሱ ጋር አያይዞ መመዝገብ ይቻላል። ሆኖም እንደ ሃሎፊላ ያሉትን፣ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚሉ ዝርያዎች ሊስታቸው ስለሚችል፣ በየመሃሉ ከወለሉ ዘግኖ በሚያወጣ መሣሪያ ናሙና ማውጣት ግድ ነው። ካሜራ ካለዎት ከፊቱ ንጹሕ ውኃ የተሞላ ግልጽ ሣጥን ይግጠሙለት፤ በደፈረሰው ውኃ ውስጥ የሚያልፈው የእይታ ርቀት ያጥርለታል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ካሜራው ምንም ካላሳየኝ «የለም» ብዬ ልመዝግብ?

መልስ (ከደሴ)፦
እንዳያደርጉት። «የለም» የሚባለው ወለሉ ራሱ ታይቶ ወይም በናሙና ተረጋግጦ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፣ በቅጽዎ ላይ «አልታየም» የሚል የተለየ ዓምድ ያውጡ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ውኃው የደፈረሰበት ወር ሁሉ ካርታው ላይ ሣሩ የጠፋበት ወር ይመስላል።