ሬዲስ ላይሰንሱን መቀየሩ ልክ ነው?

አወያይ፦ ሬዲስን (ዳታን ሜሞሪ ላይ ይዞ በፍጥነት የሚያቀርብ ዳታቤዝ) ብዙዎቻችን እንጠቀመዋለን። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመረው፣ ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ብዙም የማይከለክለው ቢኤስዲ ነበር። በማርች 2024 ግን የሬዲስ ኩባንያ ላይሰንሱን ቀይሮ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ አገልግሎት አድርገው የሚሸጡትን አጠበቀባቸው። ልክ ነው? ተከራከሩ።

ትንሹ ኮደር፦ ክህደት ነው በቃ። ሰው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ስህተት ሲያርም የነበረው የጋራችን ነው ብሎ እኮ ነው። ስሙ ከገነነ በኋላ ማጠር ምን ይባላል?

የሰርቨር ልጅ፦ ቀስ ወንድሜ። ቢኤስዲ ይሄንኑ ይፈቅዳል። የኮፒራይት ማስታወቂያውን ሳትነካ የፈለግከውን አድርግ ነው የሚለው። አማዞን ያንኑ ኮድ ክላውዱ ላይ ሲሸጥ የት ነበርክ?

ሐኒ፦ ነፃ ሶፍትዌር ባለቤት የለውም ያለው ማነው? ጂፒኤል፣ ማለትም ፕሮግራሙን ካሰራጨህ ምንጭ ኮዱንም ስጥ የሚለው ላይሰንስ፣ ጥርስ ያወጣው በኮፒራይት ነው። የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን ሲስኮን እዩ፣ ሊንክሲስ ራውተሮች ውስጥ የጂፒኤል ኮድ አስገብቶ ምንጩን በአግባቡ አልሰጠም ተብሎ በ2008 መጨረሻ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የከሰሰው በኮፒራይት ጥሰት ነው፣ በ2009 በስምምነት አለቀ። የሊኑክስ ኮፒራይት ደግሞ በሺዎች እጅ ተበትኗል። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ራሱ ነገ ልዝጋው ቢል አይችልም።

ትንሹ ኮደር፦ እና ሬዲስንስ የጻፈው አንድ ሰው ነው እንዴ?

ሐኒ፦ አይደለም፣ ግን ቢኤስዲ በሩን ከፍቶታል። የድሮው ኮድ እኮ አልተዘጋም። ለውጡን ያልተቀበሉ ሰዎች ከሬዲስ 7.2.4 ኮድ ተነስተው በሳምንት ገደማ ቫልኪ የሚባል ነፃ ተተኪ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ስር አቋቋሙ፣ አማዞንና ጉግልም አሉበት።

የሰርቨር ልጅ፦ ሃሃ፣ የድሃውን ነፃነት ያስጠበቀው አማዞን ሆነ!

ትንሹ ኮደር፦ ሬዲስም በሜይ 2025 ኤጂፒኤልን አማራጭ አድርጎ ተመለሰ አይደል? አሻሽለህ በኔትወርክ አገልግሎት ከሰጠህበት ለተጠቃሚው ምንጩን ስጥ ነው የሚለው። ከመጀመሪያው እንደዚያ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

የሰርቨር ልጅ፦ ያኔማ ማን ይነካው ነበር? ጉግል ሠራተኞቹን ኤጂፒኤል ያለበት ኮድ እንዳትጠቀሙ ይላል። እሺ፣ ኮዱን በየቀኑ የሚጠግኑትን ሰዎች ደሞዝ ማን ይክፈል?

ሐኒ፦ ጂፒኤል መሸጥን መቼ ከለከለ? ሬድ ሃት በነፃ ኮድ ላይ ድጋፍ እየሸጠ አድጎ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

የሰርቨር ልጅ፦ አንድ ሬድ ሃት ጠራሽ። እስቲ ሁለተኛ ጥሪልኝ።