የበር ሐዲድ ቀትር ላይ ጎበጠብኝ፤ የባቡሩ እንዴት ይችለዋል?

ጠያቂ (ሸዋ ሮቢት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብየዳ ቤት አለኝ። ለአንድ ግቢ 12 ሜትር የተንሸራታች በር ሐዲድ ሠራሁ። በማለዳ ገጥሜ ሁለቱንም ጫፍ በኮንክሪት ቀበርኩት። ቀትር ላይ መሃሉ ከብሎኑ ተላቆ ሦስት ጣት ያህል ወደ ጎን ወጣ። ደንበኛዬ ተቆጥተዋል። ምን ላድርግ? ደግሞ የባቡር ሐዲድ ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ። ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር በብየዳ ተያይዞ እንዴት አይጎብጥም? በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበረው ባቡርስ?

መልስ 1 (ደብረ ብርሃን፣ የብረታ ብረት አስተማሪ)፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ብየዳህ ጥፋት የለበትም። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.012 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ማለዳ በ20 ዲግሪ የታሰረውን ፀሐይ 50 ካደረሰችው፣ 12 ሜትሩ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ መርዘም ይፈልጋል። ጫፎቹ ታስረዋል፤ መውጫው ጎን ብቻ ነው። ያቺ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ስትወጣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። አንዱን ጫፍ ፍታና 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተውለት። የብሎኖቹንም ቀዳዳ ሞላላ አድርገው።

መልስ 2 (አጣዬ፣ ሐዲድ ዝርጋታ ላይ የሠራሁ)፦
የባቡሩም መርዘም ይፈልጋል፤ ግን አይፈቀድለትም። መቆንጠጫው ሐዲዱን ከአግዳሚው ኮንክሪት ጋር፣ ጠጠሩ ደግሞ አግዳሚውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ኃይሉ ብረቱ ውስጥ ይታመቃል። በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ በአንድ ዲግሪ 2 ቶን ገደማ ግፊት ያጠራቅማል። በ30 ዲግሪ ከ50 ቶን ይበልጣል፤ ያውም በአንዱ ሐዲድ ብቻ! ስለዚህ ወሳኙ ሲታሰር የነበረው ሙቀት ነው። እንግሊዞች 27 ዲግሪን ይመርጣሉ። ብርድ ከሆነ ሐዲዱን በጃክ ስበው፣ የሞቀ ያህል አስረዝመው ይበይዱታል። ጠጠሩ ከጎን ከሳሳ ግን ሁሉም ከንቱ ነው።
በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ባቡሩ በሰከንድ 83 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ ጉብጠቱን ቢያይ እንኳ ለማቆም ኪሎ ሜትሮች ያስፈልጉታል። ለዚህ ነው ሐዲዱ ከመጠን በላይ ሲግል ፍጥነት የሚቀነሰው። ጃፓንና ቻይና ብዙውን ፈጣን መስመር በጠጠር ፋንታ ኮንክሪት ላይ አስረውታል።

መልስ 3 (ደብረ ብርሃን)፦
ብርዱንም አትርሱ። በውርጭ ብረቱ ይኮማተራል፤ ደካማ ብየዳ ካለ ይሰነጠቃል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ አንዱን ጫፍ ቆርጬ ክፍተት ተውኩ፤ ቀትር ላይም ቀጥ እንዳለ ዋለ። ባለፈው ወር ሌላ ግቢ የገጠምኩት አለ፤ ነገ ሄጄ አየዋለሁ።