አዳማ ላይ በየቀኑ የምትነዳ ያገለገለች መኪና፦ የማታስቸግር፣ መንዳቷም ደስ የሚል

ጥያቄ፣ ከሲያትል

ሰላም ለሁላችሁ። ከ17 ዓመት በኋላ ጠቅልዬ አዳማ ልገባ ነው። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ሐኪም ቤት የማመላልስባት፣ ገበያ የምሄድባት፣ መንገድ ላይ የማታቆመኝ ያገለገለች መኪና እፈልጋለሁ። ግን መንዳት እወዳለሁ። እዚህም የምነዳው በእጅ ማርሽ የሚቀየርበት (ማንዋል) ማዝዳ ነው። «አርፈሽ ኮሮላ ግዢ» ብቻ እንዳትሉኝ አደራ።

መልስ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ ገና ሳትመጪ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ ከዳላስ ተመልሼ አዳማ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ጊዜ ሁለት መኪና ገዝቻለሁ። የመጀመሪያዋ አቃጥላኛለች። ሁለተኛዋን ዛሬ ጠዋትም በደስታ ነው ያስነሳኋት።

መጀመሪያ ገበያውን እወቂው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። ስለዚህ የምትመርጪው እዚሁ ካሉት ውስጥ ነው። የሃያ ዓመት ያሪስ ዋጋ ሲነገርሽ አትደንግጪ። በደንብ ከያዝሻት ስትሸጫትም ዋጋዋን ይዛ ትቆይሻለች።

ኤሌክትሪክ ግዢ የሚሉሽ ይኖራሉ። ግቢሽ ውስጥ ቻርጅ የምታደርጊበት ካለ ለከተማ መልካም ነው። አንቺ ግን ማርሽ መቀየር የምትወጂ ሰው ነሽ፤ ስለዚህ ወደ ቤንዚኑ ልመለስ።

እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው። አዳማ ለሚኖር ሰው መኪና የሚመረጠው በአሰላ መንገድ ነው።

ከተማው ውስጥ ሁሉም መኪና አንድ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው፣ መንገዱ ባጃጅ ነው፣ ከሁለተኛ ማርሽ የምታልፊበት ጊዜ ትንሽ ነው። ቅዳሜ ግን በዴራና በኢተያ አድርገሽ ወደ አሰላ ስትወጪ ነገሩ ይለወጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። መሃሉ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱን ከኋላሽ ትተሽ፣ መስኮት ከፍተሽ፣ የስንዴውን ማሳ ግራና ቀኝ እያየሽ ትወጫለሽ። እኔ በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የምወደው መንገድ የለም።

ታዲያ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። አሰላ ስትደርሺ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ሲያትል ባሕር ዳርቻ ላይ ስለሆነች ይህን አታውቂውም። ለዚህ ነው ያሪስ ወይም ቪትዝ (ያሪስ በጃፓን ስሟ) ስትገዢ ባለ 1.0 ሊትር ሞተሯን ተዪያት፣ ባለ 1.3ዋን ፈልጊ የምልሽ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ያው ናቸው፣ ዳገት ላይ ግን ሌላ ናቸው።

አዎ፣ የምመክርሽ ያሪስ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ፍጥነት መለኪያዋ ከመሪው ጀርባ መሆኑ ቀርቶ መሃል ላይ ያለችው። በፈረንጆቹ 2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመች ናት። ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ በታች ነው። ማርሽ ያላትን ካገኘሽ በሦስተኛ ማርሽ ኩርባውን ስትይዢው እጅሽ ላይ ነው የምትጫወተው። የሞተሯ የውስጥ ክፍሎች የሚያያዙት በጎማ ቀበቶ ሳይሆን በብረት ሰንሰለት (ቼይን) ስለሆነ ቀበቶ ተበጠሰ የሚል ስጋት የለም። ዕቃዋ አዳማ ይገኛል፣ እዚህ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ቁመቷም ወደ 1 ሜትር ተኩል ስለሆነ እናትሽ ጎንበስ ሳይሉ ይገባሉ። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ አትይው።

ሌላ ካልሽ ሱዙኪ ስዊፍት አለችልሽ። ለመንዳት ከያሪስም ትበልጣለች ባይ ነኝ። ዲዛየር የእሷው እህት ናት፣ ከኋላ የተለየ የዕቃ መጫኛ (ፖርቶባጋሊ) ያላት፤ ታክሲ የሚሠሩባት ብዙ ስለሆኑ መካኒኮቹ ተላምደዋታል። ማዝዳውን ግን እዚያው ተሰናበቺው። መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንዲት ኩሽኔታ ስትጠፋ ሁለት ሳምንት በባጃጅ ትመላለሻለሽ፣ እናትሽ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። ቮልስም አለ። እኔ ቮልስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል፣ ራዲያተር የሌለው መኪና ለቆላ ሰው ያምራል። ግን ለእሁድ እንጂ ለየቀኑ አይሆንም።

አሁን የመጀመሪያዋን መኪናዬን ልንገርሽ። ኮሮላ ነበረች፣ ነጭ፣ የምታብለጨልጭ። ደላላው «አንድ እጅ ናት» አለኝ። ከሰዓት በኋላ አየኋት፣ ሞተሯ ሞቆ ነበር፣ በማግስቱ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከዴራ ወጣ እንዳልኩ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሎ ነበር። ያዳነኝ በዚያ ያለፈ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጎትቶ አዳማ አደረሰኝ፣ ብር አልቀበልም አለ። መካኒኩ ሲፈታው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውኃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የለም። ቆላ ስለሆነ ያሞቃል ብለው አውጥተው ጥለውታል። ይህን እዚህ ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። የራዲያተሩም ችግር ተሸፍኖ ይቆያል፣ ዳገት ላይ እስኪያጋልጠው ድረስ።

ስለዚህ መኪና የምታዪው ማልዳ ነው። ባለቤቱን «እንዳታስነሳት» በይው። ስትደርሺ እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። ከሞቀ ተመልሰሽ ሂጂ። ከቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን አስከፍቺ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካየሽ ደስ ይበልሽ። ቡናማ ውኃ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት ኖሯል፣ ውስጡ ዝጓል። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተሽ ከሥሩ እዪው። ወተት የመሰለ ነገር ከለጠፈ ውኃና ዘይት ተደባልቋል። ሲያስነሱ ከኋላ ቁሚ፤ ሰማያዊ ጭስ ካየሽ ዘይት ይበላል። ትንሽ ማግኔት በቦርሳሽ ያዢ፣ በሩና ፓራፋንጎው ላይ አስጠጊው። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ።

ቪትዝ ከሆነች ደግሞ የዝናብ መጥረጊያዋን ተመልከቺ። ከጃፓን የመጡት መሪያቸው በቀኝ ስለነበር ወደ ግራ የተዛወረላቸው አሉ፤ መጥረጊያው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው ለቀኝ ሹፌር ይጠርጋል። እንዲህ ያለች ካጋጠመችሽ መሪውንና ፍሬኑን ሳታስፈትሺ አንድ ብር እንዳትከፍዪ።

ከዚያ ወደ ዳገቱ። ሙከራ ማለት ፖስታ ቤትን ዞሮ መመለስ አይደለም። ኢተያ ድረስ ውጪ። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጪ ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ ካልጨመረች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ባለቤቱ ለዳገት እሺ ካላለ መልሱን ሰጥቶሻል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ፋይሏ ካለበት መሥሪያ ቤት ሳታረጋግጪ አትፈርሚ። በውክልና ብቻ ግዢ ቢሉሽ እንቢ በይ፣ ስሙ ይዙርልሽ። መንጃ ፈቃድሽንም እዚያው ሳለሽ በኤምባሲ አስረጋግጪው።

ከሲያትል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ማርሽ ያላት 1.3 ያሪስ አዳማ ውስጥ አንዲት አግኝቼ የአክስቴ ልጅ አይቷታል። «ቀለሟ ትንሽ ተልጧል፣ አታምርም» አለኝ። ልተዋት?

ከአዳማ

የተላጠው የፋብሪካው ቀለም ከሆነ እንደውም ጥሩ ነው፣ አልተመታችም ማለት ነው። የአክስትሽን ልጅ ስልክ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መካኒኬን ይዤ እሄዳለሁ። ባለቤቱ እንዳያስነሳት ብቻ ንገሩልኝ።