የፓትሮል መሪዎቻችን የረባሽ ስም ጻፊ ሆነው ቀሩ፤ ኃላፊነቱን እንዴት ላከፋፍል?

የደሴዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የስካውት ቡድናችንን እመራለሁ። 34 ልጆች አሉን፤ ትንሹ 11 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 17። በአምስት ፓትሮል፣ ማለት በአምስት ትንንሽ ቡድን፣ ተከፍለዋል።

የቸገረኝ የመሪዎቹ ነገር ነው። ቡድኑን ስረከብ መሪዎቹ የተመደቡት ልክ እንደ 1ለ5 አደረጃጀት በውጤት ነበር፤ አንደኛ የወጣው መሪ፣ ሁለተኛው ምክትል። ልጆቹም የሚያውቁት የክፍል አለቃን ስለሆነ እሱኑ ሆነው ቁጭ አሉ። ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር የረባሽ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይሰጡኛል። «ቲቸር፣ እሱ አልሰማ አለኝ»፣ «ቲቸር፣ ገመዱን ማን ያምጣ?» ይላሉ። የገመዱን እንኳ እኔን ነው የሚጠይቁት። የቀሩት ልጆች ቆመው ይጠብቃሉ።

አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለችን። ውጤቷ መካከለኛ ነው። ድንኳን ስንተክል ግን ትንንሾቹ ሁሉ የሚሮጡት ወደ እሷ ነው፤ ካስማው እንዴት እንደሚገባ ቁጭ ብላ ታሳያቸዋለች። በስም የተሰጣት ኃላፊነት ግን የለም። እሷን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዓርብ ከሰዓት ወጥተን ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። እስከዚያ ይህን ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ምን ምን ሥራ ልስጣቸው? መሪውን ማን ይምረጥ፣ ለስንት ጊዜስ? ወላጅ መጥቶ «ልጄ አንደኛ እየወጣ ለምን ተነሳ?» ቢለኝስ?

የኮምቦልቻው

እህቴ፣ እያንዳንዱ ፓትሮል የራሱን መሪ ይምረጥ፤ ግን በወረቀት ይሁን። እጅ በማውጣት ከሆነ ልጆቹ የሚፈሩትን ነው የሚመርጡት። የእኛ ስድስት ወር ነው። ዓመት ሲሆን የቀሩት ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ሁለት ወር ሲሆን ደግሞ ልጁ ሥራውን ሳይለምደው ያልቃል። አብሽሪ፣ ይስተካከላል።

አባባ፣ ከሐይቅ

ልጄ፣ ወንድምሽ ያለው ትክክል ነው፤ ምርጫ ያስፈልጋል። ግን በድምፅ የተመረጠም ልጅ በእጁ ሥራ ከሌለ ስም መጻፉ አይቀርም። መሪ ተብሏል፤ የሚመራው ነገር ግን የለም። ስለዚህ ከምርጫው በፊት የሚመራውን ነገር ስጪው።

እኔ በንጉሡ ጊዜ በልጅነቴ ስካውት ነበርኩ፤ አሁን በእርጅናዬ እዚህ ሐይቅ ላይ ልጆች አግዛለሁ። ፓትሮል የራሱ ንብረትና ራሱ የሚወስነው ጉዳይ ሲኖረው መሪው ከውስጡ ይወጣል፤ እኔ የማምነው ይህንን ነው። ነገሩም ከመነሻው እንዲህ ነበር። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግ 20 ያህል ልጆች ነበሩት፤ ከባለጸጋ ቤት የመጡም ከሠራተኛ ቤት የመጡም። በአራት ፓትሮል ከፈላቸውና ለየፓትሮሉ ከራሳቸው መካከል መሪ ሰየመ። በየሌሊቱ አንድ ፓትሮል ተራ ይደርሰዋል፤ ዱቄቱን፣ ድንቹን፣ ሥጋውን፣ ድስቱንና ክብሪቱን ይዞ ወደተነገረው ቦታ ሄዶ ራሱ አብስሎ በልቶ ያድራል። እሳቱ ካልነደደ የሚራበው ራሱ ስለሆነ፣ እዚያ የማን ስም ይጻፋል?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ለየፓትሮሉ አንድ አንድ የእንጨት ሣጥን አሠሪ። ድስት፣ ቢላ፣ ሁለት ገመድ፣ ፋኖስ፣ ጀሪካን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ይግባበት። የፓትሮሉ ስም ይጻፍበት፤ ስሙንም ራሳቸው ያውጡ። የእኔዎቹ አንዶቹ «ቀይ ቀበሮ» ተባሉ፤ ቦረና ሳይንት ላይ ስላለ የእኛ ነው ብለው። ሌሎቹ «ጭላዳ» አሉ። ስሙን ካወጡ ወዲህ ሣጥኑን ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም።

34 ልጅ በአምስት ሲካፈል ስድስት ሰባት ይደርሳል፤ ለፓትሮል ልኩ ይኸው ነው። መሪ፣ ምክትል፣ ንብረት ያዥ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የወጥ ቤት ኃላፊ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ። ባዶ እጁን የሚቀር ልጅ አይኖርም። ከሁሉ አብልጠሽ የንብረት ያዡን ቦታ አክብሪ። ሰው እንደ ትንሽ ሥራ ያየዋል፤ እኔ ግን ዝምተኛ ልጅ ሲለወጥ ያየሁት እዚያ ላይ ነው። ከካምፕ ስንመለስ ዕቃውን በዝርዝር ይረከባል፤ የጎደለውን ይጠይቃል፤ ገመዱ እርጥብ ከሆነ «ሳይደርቅ አልቀበልም» ይላል። መሪውን ሳይቀር ይመልሰዋል! ያቺ የ13 ዓመት ልጅሽ ዛሬውኑ ከዚህ ትጀምር፤ የአምስቱንም ፓትሮል ንብረት ያዦች ድንኳን አተካከል ታሠልጥን። ምርጫው ሲደርስ ልጆቹ ያውቋታል። ባትመረጥም ሥራዋ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ከዚያ የመሪዎች ሸንጎ አቋቁሚ። አምስቱ መሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ይሰብሰቡ፤ ሰብሳቢው ከእነሱ ይሁን፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝ። አንቺ ዳር ተቀመጪ፤ ሲጠይቁሽ ተናገሪ። የእኛን አገር ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለውን፣ ታውቂዋለሽ። ለቅሶ ሲደርስ የቅሬው ዳኛ ቤት ለቤት እየዞረ አያዝም፤ ድንኳን የሚያመጣው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ መቃብር የሚቆፍረው ሁሉም ተራውን ያውቃል፤ ዳኛው ነገር ሲጣመም ያቀናል። ልጆችሽ ይህን ከቤታቸው እያዩ ነው ያደጉት።

ለሸንጎው የምትሰጪው ጉዳይ ግን እውነተኛ ይሁን። የስካርፍ ቀለም አትስጪያቸው። እኔ አንድ ጊዜ የካምፑን ምግብ ሰጠኋቸው። ከልጆቹ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ያውም ዓርብ ነበር። የሥጋ ነገር ተነሳ፤ ማን ያርዳል፣ ጾመኛውስ ምን ይበላል? ብዙ ተከራከሩና ሥጋውን ትተው ሽሮ፣ ምስርና ድንች ወሰኑ፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ እንዲበላ። የመግሪብ ሶላት ሰዓት ላይም ጨዋታ እንዳይኖር ጨመሩበት። እኔ ያላሰብኩት ነበር። ሽማግሌ የወሰነው ቢሆን ኖሮ እስኪነጋ ሲያጉረመርሙ ያድሩ ነበር፤ ራሳቸው ስለወሰኑት ግን ድንቹን እየተሻሙ ላጡ።

አንዳንድ ነገር ደግሞ ለልጅ አይሰጥም። ሐይቁ ውስጥ መግባት፣ አስፋልት ማቋረጥ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ልጅ ልጅን የጎዳበት ጉዳይ፣ እነዚህ የአዋቂ ናቸው። ምንጊዜም ሁለት አዋቂ ይኑር፤ ሴቶቹ ጋ ሴት አዋቂ ትደር።

ለወላጁ፣ ልጁ እንዳልተሻረ ንገሪው። ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም መሪ ይወርዳል፤ የወረደው ተተኪውን ወር ያህል ጎኑ ሆኖ ያለማምዳል። ይህን ዛሬ፣ የማንም ስም ሳይነሳ፣ በስብሰባ አስታውቂ፤ ነገ የአንድ ሰው ልጅ ጉዳይ እንዳይሆን።

የወልዲያው ልጅ

ቲቸር፣ እኔ 17 ዓመቴ ነው፤ የፓትሮል መሪ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እባክዎ መሪው የተናገረውን በልጆቹ ፊት አይሻሩበት። እኔ ልጆቹን ለእንጨት ለቀማ አሰማርቼ አንድ አዋቂ መጣና «ተዉት፣ ወደዚህ ኑ» አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ስናገር መጀመሪያ የሚያዩት የአዋቂውን ፊት ነበር። ልክ ካልሆንኩ ወደ ጎን ጠርቶ ቢነግረኝ እኔው እመልሳቸው ነበር።

የደሴዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወልዲያው ወንድሜ፣ ያልከውን ለረዳቶቼም አነብላቸዋለሁ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። የሣጥኑን ነገር ለአናጺ ነግሬያለሁ። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ቀረ፤ ኃላፊነቱን ሰጥቻቸው ካምፕ ላይ አንድ ነገር ቢረሱስ? ዝም ብዬ ልይ?

አባባ፣ ከሐይቅ

እንደ ነገሩ ነው ልጄ። ጨው ከረሱ ዝም በይ፤ ከጎረቤት ፓትሮል ይለምናሉ፣ ካጡም አልጫውን ይበላሉ። ብርድ ልብስ ወይም የሚጠጣ ውሃ ከረሱ ግን ሳይመሽ ግቢበት። ዓርብ ከመነሳታችሁ በፊት ንብረት ያዦቹ ሣጥናቸውን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ ለመሪያቸው ይጥሩ፤ አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ስሚ።

ደግሞ ቦታውን አስቀድማችሁ እዩት። ከደሴ እስከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸንጎው ሁለት ልጆች ይምረጥ፤ ከአንቺና ከአንድ ረዳትሽ ጋር በመስከረም መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ። ዝናቡ ገና ስላልወጣ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ይታያል። ድንኳኑ የት እንደሚተከል እነሱ ይለዩ፣ ጸሐፊውም ሥዕሉን ይያዝ። መኪና ተራው ላይ እቀበላችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ።