ከአይሲ (ቺፕ) ሥር የገባ የባትሪ ድንጋይ ዝገት

በአራት አልካላይን ድንጋይ የሚሠራ የሬዲዮ ቦርድ ነው። ድንጋዮቹ ውስጡ እንዳሉ ፈሰሱና ነጭ ዱቄትና አረንጓዴ ዝገት ትተዋል። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ነጭ ኮምጣጤ በጥጥ እየነከርኩ ነካካሁት። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በዲስቲልድ ውሃ አጠብኩ፤ ኮምጣጤው ራሱ መዳቡን ይበላልና እንዲቀር አልፈለግሁም። ከዚያ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈትጌ ሁለት ቀን አደረቅሁት።

ላዩ ጠርቷል፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ባለ 16 እግሩ የድምፅ አይሲ ሥር፣ በ7ኛውና በ8ኛው እግር መካከል፣ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ክር ይታያል። ብሩሽ አይደርስበትም። ድንጋይ ሳይገባ በሁለቱ እግሮች መካከል 40 ኪሎ ኦም ገደማ ይለካል፤ በቦርዱ የሰርኪዩት ሥዕል መሠረት ግን ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ከእግሮቹ የሚወጡት መስመሮች አልተበጠሱም፣ መልቲሜትሩ ይጮኻል።

ሆት ኤር (በሙቅ አየር ብየዳ የሚያቀልጥ መሣሪያ) አለኝ፤ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳ) ማጠቢያ የለኝም። የሚያሳስበኝ፣ ዝገት የነካው ፓድ (እግሩ የተበየደበት የመዳብ ንጣፍ) ሙቀት ሲያገኝ ከቦርዱ ተላቆ ሊነሳ መቻሉ ነው። አይሲውን ሳልነቅል ከሥሩ ያለውን ዝገት ሙሉ በሙሉ የማወጣው እንዴት ነው?