ዝናቡ ሲለዋወጥ ለሙዝ የሚሆን የመስኖ ውሃና ምርት እንዴት ይገመታል?

አረንጓዴ ማሳ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ አንድ ሄክታር ሙዝ አለኝ፤ የማጠጣው በቦይ ነው። የዚህ ወር ዝናብ የ10 ዓመት አማካዩ 90 ሚሊ ሜትር ቢሆንም አንዱ ዓመት ከሌላው በጣም ይራራቃል። የማመሳከሪያ ትነቱ (ኢቲኦ፣ በደንብ ከጠጣ የሣር ማሳ ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ) በቀን 5 ሚሊ ሜትር ነው። ምን ያህል ውሃ ላዘጋጅ? ቢጎድልብኝስ ምርቱ ምን ያህል ይቀንሳል?

ወንዝ ዳር፦ እህቴ፣ በአማካዩ አያቅዱ። የ10 ዓመቱን ዝናብ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድረው 8ኛውን ይያዙ፤ ከ10 ዓመት በ8ቱ ቢያንስ ያን ያህል ዘንቧል ማለት ነው።

አረንጓዴ ማሳ፦ ደረደርኩት፤ 8ኛው 60 ሚሊ ሜትር ነው።

መስኖ ወዳድ፦ እንግዲያው እናስላው። በዚህ ዕድሜ፣ ቅጠሉ ማሳውን ሲሸፍን፣ የሙዝ ማባዣ (ማመሳከሪያ ትነቱን ወደ ሙዝ የውሃ ፍላጎት የሚቀይር ቁጥር) 1.2 ነው፤ 5 በ1.2 ሲባዛ በቀን 6፣ በወር 180 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የዘነበው ሁሉ ለተክሉ አይደርስም። በፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ቀላል ቀመር፣ የወሩ ዝናብ ከ75 ሚሊ ሜትር ካነሰ በ0.6 ተባዝቶ 10 ይቀነሳል፤ ከበለጠ በ0.8 ተባዝቶ 25 ይቀነሳል። ከ60ው የሚጠቅመው 26 ብቻ ነው፤ 154 ይቀራል። ቦይ ብዙ ውሃ ስለሚያባክን ለ0.6 (ከሚለቀቀው ውሃ ለተክሉ የሚደርሰው ድርሻ) ያካፍሉት፤ 257 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። 1 ሚሊ ሜትር በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ ወደ 2,570 ሜትር ኩብ ያስፈልግዎታል። በአማካዩ 90 አስልተው ቢሆን 350 ሜትር ኩብ ይጎድልዎ ነበር። በጠብታ መስኖ (0.9) ግን 1,710 ገደማ ይበቃል።

ወንዝ ዳር፦ ምርቱን በተመለከተ፣ ሙዝ ጥም አይችልም። በወቅቱ ሁሉ የሚያገኘው ውሃ ከሚፈልገው በ20 በመቶ ካነሰ ምርቱ ከ24 እስከ 27 በመቶ ይወርዳል። ውሃ ሳይጎድል 40 ቶን የሚሰጥ ማሳ ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው። ውሃው ካነሰ ባይሆን ግማሹን ማሳ በደንብ ማጠጣት ሁሉንም ከማስጠማት ይሻላል።

ጥላ ሥር፦ ለአዲስ ተከላ እስማማለሁ። የቆመን ሙዝ ግን እንዴት ይተዉታል? እኔ ዘለላ ሊያወጡ የተቃረቡትን አስቀድማለሁ፤ የፍሬው ቁጥር የሚወሰነው ዘለላው ብቅ ከማለቱ በፊት ነውና፣ ያኔ የጎደለውን የኋላ ውሃ አይመልሰውም።

ደግሞ የወሩን ውሃ ባንዴ አይልቀቁት። የሙዝ ሥር አብዛኛውን የሚጠጣው ከላይኛው ግማሽ ሜትር ነው። መካከለኛ አፈር እዚያ ውስጥ 75 ሚሊ ሜትር ያህል ቢይዝም ተክሉ ሳይጨነቅ የሚወስደው 35 በመቶውን፣ ማለትም 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ከሌለ በየ4 ቀኑ ያጠጡ፤ አሸዋማ ከሆነ ከዚያም ያሳጥሩት።