ከጎጃም ወደ ጓንዡና ዱባይ ለሚመላለስ ነጋዴ የትኛው የማይል ፕሮግራም ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የወፍጮና የመኪና መለዋወጫ አስመጣለሁ። ወደ ጓንዡ የምሄደው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ ወደ ዱባይ ግን ዋጋውን አይቼ አንዳንዴ በኤምሬትስ እሳፈራለሁ። በበረርኩ ቁጥር ማይል የሚባል ነጥብ በሚሰበሰብባቸው በሁለቱም አየር መንገዶች ፕሮግራሞች ልመዝገብ ወይስ አንዱን ይዤ ጎልድ የሚባለው ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ እስክደርስ ልጠብቅ? ናሙና ይዤ ስለምመለስ ከላውንጁ (ከአየር ማረፊያው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል) ይልቅ የሚያሳስበኝ ሻንጣው ነው። አሜሪካ ያለች እህቴ ደግሞ በአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ፕሮግራም እንድመዘገብ ትመክረኛለች።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ በእኔ እምነት የኢትዮጵያ አየር መንገድን ፕሮግራም፣ ሼባማይልስን፣ ብቻ ይያዙ። ደረጃ የሚሰጠው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በአንድ ፕሮግራም በተሰበሰበ ማይል ስለሆነ፣ ጉዞውን ለሁለት የከፈለ ሰው ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ስታር አላያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ በቱርክ፣ በሉፍታንዛ፣ በግብፅ ወይም በኤር ቻይና አየር መንገድ ቢሄዱም ማይሉን ወደ ሼባማይልስ ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ኤምሬትስ ግን የዚህ ኅብረት አባል አይደለም።

ስለ ሻንጣው የጠየቁት ዋናው ቁም ነገር ነው። የጎልድ አባል በኅብረቱ አየር መንገዶች ሲጓዝ፣ ሻንጣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር ተጨማሪ 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚታሰብበት መስመር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ከጎልድ በታች ባለው በሲልቨር ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ግን በሌሎቹ አባል አየር መንገዶች የሚያገኘው በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ቅድሚያ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሲልቨር ረክቶ መቀመጥ ለእርስዎ ሥራ ብዙም አይረባም።

የእህትዎ ምክር ለእሷ ትክክል ነው፤ ዩናይትድ ግን ደረጃ ለመስጠት ከሌላው መስፈርት በተጨማሪ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ በራሱ አውሮፕላን መብረርን ይጠይቃል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ቻይና ለሚሄድ ሰው ይህ ዝግ በር ነው።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ፣ ትኬት ሽያጭ ላይ የምሠራ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ትኬት ስትገዛ የምትጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ጓንዡ በአንድ አቅጣጫ 5,000 ማይል ገደማ፣ ዱባይ ደግሞ ወደ 1,560 ማይል ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ትኬት ሙሉውን ርቀት አያስቆጥርም። በኢኮኖሚ ክፍል ውስጥም ቢሆን በትኬቱ ላይ የሚጻፈው የዋጋ ደረጃ ፊደል ይለያያል፤ በጣም ርካሹ የርቀቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት «ይህ ፊደል ለደረጃ ስንት በመቶ ይቆጠራል?» ብለህ ጠይቅ። ከሆቴልና ከሌሎች አጋሮች የሚገኘው ማይል ነፃ ትኬት ለመውሰድ እንጂ ደረጃ ለመውጣት እንደማይረዳም እወቅ።

ስትመዘገብ የአባትና የአያት ስምህ አጻጻፍ በእያንዳንዱ ፊደል ከፓስፖርትህ ጋር አንድ ይሁን፤ በአንድ ፊደል ልዩነት ማይሉ ሳይገባ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ማይሉ እስኪገባ ድረስ የመሳፈሪያ ወረቀትህንና በ071 የሚጀምረውን የትኬት ቁጥር አትጣል፤ ካልገባልህ የምታስመዘግበው በእነርሱ ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው የዱባዩንም ጉዞ፣ የዋጋው ልዩነት የአንድ ተጨማሪ ሻንጣ ክፍያ እስካላከለ ድረስ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አደርገዋለሁ፤ የሚቀጥለውን የጓንዡ ትኬት ከመቁረጤ በፊትም ፊደሉን እጠይቃለሁ።